ማን አዘነበው እና አዙረው

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ስወጣ፣ በሩ ጋ አንድ ወጣት ነጭ በግ በገመድ ይዞ ቆሞ አየሁ። በግ ይዞ ሽርሽር የሚመጣ ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ጠጋ ስል፣ በጉ ጮኸብኝ። ለካ ውሻ ነው። ጠጉሩ እንደተባዘተ ጥጥ ከአንገቱ እስከ ጭራው የተንዠረገገ፣ ጭንቅላቱ የመሶብ ክዳን የሚያህል ውሻ። ልጆቼ ከኋላዬ ተሸሸጉ። እኔ ግን የማቅፈው ሁሉ መሰለኝ። ወጣቱን ማን ይባላል አልኩት፤ ሮኪ አለኝ።

"ለማን ነው?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ስሙ ነዋ። ለማን ብለህ ነው ያወጣኸው?"

ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "ለሱ ነዋ፣ እናቴ" ብሎኝ ውሻውን ሳብ አድርጎ ገባ።

አልፈርድበትም። እኔ ልጅ እያለሁ ግን በሰፈራችን ለውሻው ብሎ ለውሻ ስም የሚያወጣ ሰው አልነበረም። የውሻ ስም ለጎረቤት ነበር። ፊት ለፊት ቢናገሩት ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ነገር፣ በውሻ ስም ተጠቅልሎ በአጥር ላይ ይወረወራል። ከታችኛው መንደር ሐሜተኛ ጎረቤት ያስመረራት አንዲት ሴትዮ ውሻዋን "በየቤቱ አለ" ብላው ነበር። የሰፈር ልጆች ኳስ እየመቱ ቆርቆሮውን ያስጮሁበት ሽማግሌ ደግሞ የሱን "ማን አሳደጋችሁ" ይለዋል። ስሙ ሲጠራ ውሻው መጣ አልመጣ ግድ የሚሰጠው የለም፤ ቁም ነገሩ ማን ሰማ ነው።

የኛ ውሻ "ማን አዘነበው" ይባል ነበር። የጎረቤታችን የጋሽ ታደሰ ደግሞ "አዙረው"።

ነገሩ የተጀመረው በአሸንዳ ነው። አባቴ ነስሩ ቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ነበረው። አንድ ዓመት ገበያው ደህና ሆነለትና ከጓሮ ኩሽና ቀጥሎ ቆርቆሮ አለበሰ። የአሸንዳውን አፍ ግን ወደ ጋሽ ታደሰ ግቢ አደረገው። ጋሽ ታደሰ ጎሚስታ ነው፤ አሮጌ ጎማ በአጥሩ ጥግ ይከምራል። ክረምት ሲገባ የጣሪያችን ውሃ በሙሉ ሄዶ እነዚያ ጎማዎች ሆድ ውስጥ ተኛ፤ ሐምሌ ላይ እንቁራሪት መንጫጫት ጀመረ። ሰውዬው መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ወደ ሱቃችን መስኮት መጣ። እኔ ባንኮኒው ሥር ቁጭ ብዬ ነበር። ሳሙና ገዛና፣ "ነስሩ፣ እባክህ ያንን አሸንዳ አዙረው" አለ።

አባዬ ስኳር እየመዘነ ነበር። ቀና ሳይል፣ "ዝናቡን ማን አዘነበው?" አለው።

"እግዜር ነዋ።"

"እንግዲያው ለሱ አመልክት።"

ጋሽ ታደሰ የገዛውን ሳሙና ባንኮኒው ላይ ትቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ አቆሙ። ባንድ ቱቦ ውሃ የሚቀዱ፣ ባንድ ጭቃ የሚመላለሱ ሰዎች ሲተላለፉ፣ አንዱ ሰማይ ሰማይ፣ ሌላው ጫማውን ያያል።

የጠቡን መዘዝ የቀመስኩት እኔ ነበርኩ። የጋሽ ታደሰ ልጅ ሰናይት ነፍሴ ነበረች። እሷ የሚስዮን ትምህርት ቤት፣ እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለምንማር፣ የምንገናኘው በየግቢያችን ብቻ ነው። አረፋ ሲሆን እማዬ ጣፋጩን ሙሸበክ በሳህን አድርጋ እኔን ትልካለች፤ ፋሲካ ሲሆን በዚያው ሳህን ድፎ ዳቦ ይዛ ሰናይት ትመጣለች። ሥጋችን አይገናኝም፣ ሳህናችን ግን ስንት ዓመት ተመላልሷል። ከአሸንዳው በኋላ ሳህኑ እነሱ ቤት ቀረ። አባዬ ከታደሰ ግቢ ብትገኚ አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ካልጨረሰው የሚብስ አባት ነበር የኔ አባት።

ውሾቹ የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ከኛ ከፍ ብሎ እንጦጦ ሥር አንድ ፈረንጅ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ሀገራቸው ሊገቡ ሲሉ፣ ትልቋ ውሻቸው የወለደቻቸውን ቡችሎች ለዘበኛቸው ተዉለት። ዘበኛው ከኛ ሱቅ ክብሪትና ሻይ ቅጠል የሚገዛ ደንበኛ ነው፤ አንዱን ቡችላ በካፖርቱ ኪስ ይዞ መጣ። በነሱ ሀገር ይሄ ውሻ ብቻውን ተራራ ላይ ከበግ ጋር ያድራል፣ እሱ በዞረበት ተኩላ አይዞርም፣ መንጋዬ ያለውን እስኪሞት ይጠብቃል ብሎ አወራ። የሱቃችንን የጓሮ ጣውላ ሌባ ከፍቶት ስለነበር አባዬ ልቡ ቀለጠ። ዘበኛው ግን በሌላው ኪሱ ሁለተኛ ቡችላ እንደያዘና ከኛ ወጥቶ ቀጥታ ጋሽ ታደሰ ቤት እንደገባ አልነገረንም።

ማታውኑ አባዬ ቡችላውን አጥሩ ሥር አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "ማን አዘነበው! ና፣ ማን አዘነበው!" ሲል ተጣራ። ቡችላው ተኝቷል። በማግስቱ፣ ልክ አባዬ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ፣ ከወዲያ በኩል የጋሽ ታደሰ ወፍራም ድምፅ መጣ። "አዙረው! አንተ አዙረው! አዙረው ብዬሃለሁ!" አባዬ መጀመሪያ እሱን ያለው መስሎት ሊመልስ አፉን ከፈተ። ቀጥሎ የቡችላ ጩኸት ሰማ። እማዬ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ወደ ኩሽና ሮጠች።

እንዲህ ሆነና ሁለቱ ሰዎች መነጋገር ባቆሙ ጊዜ፣ በየማታው መነጋገር ጀመሩ። አንዱ ማን አዘነበው ይላል፣ ሌላው አዙረው ይላል። መንገደኛ ቆሞ የሚያዳምጥበት ጊዜ ነበር። በኛ ቤት "አዙረው" የሚለው ቃል ከነጭራሹ ጠፋ። ዳቦ ስንጋግር እንኳ እማዬ "ገልብጪው" ነው የምትለኝ፤ ያንን ቃል ጮክ ብሎ ያነሳ ሰው ከወዲያ በኩል ውሻ ያስነሳል።

ውሾቹ ዓመት ሳይሞላቸው ጥጃ አከሉ። እኛ ማኔ እንለዋለን፣ እነሱ አዙሬ። ማኔ ቀን ቀን በሱቁ በር ተጋድሞ ሲተኛ ደንበኛ የሚረግጥበት ያጣል። እማዬ፣ ውሻ ብላችሁኝ ፍራሽ አመጣችሁብኝ ትል ነበር። ጠጉሩን ማራገፍ ሲጀምር ግቢያችን በረዶ የጣለበት ይመስላል። ከሽሮ ሜዳ የሚመጣ አንድ ሸማኔ ደንበኛችን፣ ጠጉሩን ብትሰበስቢልኝ ጋቢ ይወጣዋል ብሎ እማዬን ለመናት። የውሻ ጋቢ ደርበህ ማን ቤት ልትገባ ነው አለችው። እማዬ ሶላቷን የምትጠብቅ ሴት ስለሆነች ማኔ ከቤቱ ደፍ አያልፍም። እሱም ሕጉን ያውቃል። ግን እማዬ ፊቷን ስታዞር አንድ እግሩን ደፉ ላይ ያደርጋል፤ ስትመለስ ያነሳዋል። ድስት የላሰ ዕለት ድስቱ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። አጣቢዋ እኔ ነኝ። ማኔ አጠገቤ ተቀምጦ፣ በደንብ ታጥቦ እንደሆን ሊያረጋግጥ ምላሱን ያወጣል።

ዘበኛው መንጋ ያለው ነገር እውነት ነበር። በግ ስለሌለን መንጋው እኛ ሆንን። እንግዳ ሲመጣ ማኔ በደስታ ያስገባል፤ ማስወጣት ግን አይወድም። አንዴ የገባ ሰው ተቆጥሯል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው አንድ ከሰዓት ሙሉ ከኛ ጋር ዋለ፤ ሊነሳ ሲል ማኔ መጥቶ እግሩ ላይ ይተኛበታል። እማዬ እኔን ልትገርፍ ቀጭን አርጩሜ ስታነሳ፣ በመሃላችን ገብቶ ያንን ሰፊ ጎኑን ይሰጣታል። አይጮህም፣ አይቆጣም፤ ብቻ ይቆማል። እሷ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ። መጨረሻ ላይ አርጩሜዋን ጥላ፣ "ወላሂ ይሄ ውሻ ጠበቃ ነው" ብላ ተቀመጠች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አጥሩን አለማወቁ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከቆርቆሮው ሥር ጉድጓድ ቆፍረው እንደፈለጉ ይመላለሱ ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? የኛዎቹ በሁለቱም ቤት ስለሚበሉ ለሁለቱም ይጮኻሉ። እኔና ሰናይት ይሄን ስናይ ጊዜ አላጠፋንም። እኔ ከሱቅ ከረሜላ አንስቼ ማኔ አንገት ላይ ከጠጉሩ ውስጥ እሸጉጣለሁ፤ እሱ ይሄዳል። ሲመለስ ከዚያው ጠጉር ውስጥ የሰናይት የፀጉር ጌጥ፣ ወይ የተላጠ ብርቱካን፣ ወይ ለቅልብልቦሽ የሚሆን ለስላሳ ጠጠር ይወጣል። ብርቱካኑ ጠጉር በጠጉር ሆኖ ነው የሚደርሰው። እበላው ነበር። አንድ ቀን እማዬ ከማኔ ጆሮ ሥር የቀለጠ ከረሜላ ዳብሳ ዕባጭ መሰላትና ዱኣ አደረገችለት።

የሚቀጥለው አረፋ ሲቃረብ የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ከድር ከሀገር ቤት መጣ። አጎቴ ከድር ከጋራ ጋራ እየተጣራ ያደገ ሰው ነው፤ በሹክሹክታ ሲያወራ ሦስተኛው ቤት ይሰማል። በግ ልንገዛ ከሱና ከማኔ ጋር ሸጎሌ ወረድን። ስንመለስ አጎቴ በጉን ይዟል፣ እኔ ማኔን ይዣለሁ። መቼም በዓል ሲደርስ የበግ ዋጋ የማይጠይቅ መንገደኛ የለም። አንዱ ከበራፉ ሆኖ አየንና፣ "ትንሹስ ይሁን፤ ሙክቱ ስንት ገባ?" አለ። አጎቴ ማኔን ዞር ብሎ አየና፣ "ሙክቱ አይሸጥም፤ ዘበኛ ነው" አለው። ሰውዬው እስካሁን እየሳቀ ይመስለኛል።

ማኔ ግን በጉን ባየ ጊዜ የተፈጠረበትን ሥራ አገኘ። ከቤት ስንደርስ አጠገቡ ተኛ፣ አልተነሳም። አገጩን በጉ ጀርባ ላይ አድርጎ ያድራል። በጉ ከማኔ መዳፎች መሃል ሣር ይበላል። አጎቴ የበጉን ስብ ሊዳብስ እጁን ሲሰድ ማኔ ያንን የታወቀ ጎኑን ሰጠው። አባዬ ይሄን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ማታ እራት ላይ፣ ይሄ ውሻ በዓሌን ያበላሸ እንደሆነ ለአንድ የሸጎሌ በግ ነጋዴ እሰጠዋለሁ፣ ውሻውም ይደሰታል፣ እኔም አርፋለሁ አለ። የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። ማኔ ሄደ ማለት ሰናይትም ሄደች ማለት ነው። ያንን ለአባቴ እንዴት ብዬ ልንገረው? በዚያች ሌሊት አላህን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማኔ ነገ እንደ ፍራሽ እንዲተኛ።

ጠዋት ወንዶቹ ከሶላት ሲመለሱ፣ አባዬ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ የአጥሩን ጉድጓድ በትልቅ ድንጋይ ደፈነ። እኔ ማኔን በዳቦ እያባበልኩ ሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ ዱቄትና ስኳር ከሚቀመጥበት፣ ዘጋሁበት። እያባበልኩት ስከዳው ዓይኔን አየኝ። በጉን አመጡና ከአሸንዳው ሥር አስተኙት። አባዬ እግሮቹን ያዘ፣ አጎቴ ቢላዋውን አነሳ፣ በጉ ወደ መካ መዞሩን አየና፣ በዚያ በተራራ ድምፁ፣ "ወደ ቂብላ አይደለም። አዙረው!" አለ።

አባዬ ክው አለ። ያ ቃል በግቢያችን ከተነገረ ስንት ጊዜው። "ቀስ በል" አለው ወንድሙን። አጎቴ አልሰማ ያለው መሰለውና፣ "አዙረው እንጂ! አዙረው!" ብሎ ደገመ።

መጀመሪያ ከወዲያ በኩል የሚሮጥ ነገር ተሰማ። ቀጥሎ ቆርቆሮው ሆዱን ነፋ። ቀጥሎ አጣናው ተሰነጠቀ፣ አጥሩም እንደ መጋረጃ ወደኛ ወደቀ። በወደቀው ቆርቆሮ ላይ፣ እንደ ነጋሪት እያስጮኸው፣ አዙሬ ጭራውን እየቆላ ገባ። ተጠርቶ መምጣቱ ነው፤ ፊቱ አቤት የሚል ነበር። ግራ ቀኝ አየ፣ የተጋደመውን በግ አየ፣ ሄዶ በላዩ ተጋደመ። አጎቴ ከነቢላዋው ቂጡን መሬት ላይ ዘጭ አደረገ። ወዲያው ሱቁ ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ተገነጠለ። ማኔ ነው። በሩን ጥሎ፣ የዱቄት ጆንያ ቀዶ፣ ነጭ በነጭ ላይ ሆኖ ወጣና በሌላኛው ጎን ተኛ። በጉ በሁለቱ መሃል እንደ ሙሽራ ተመቻችቶ ማመንዠግ ጀመረ።

በፈረሰው አጥር ላይ ጋሽ ታደሰ ጎማ የሚፈታበትን ብረት እንደያዘ ብቅ አለ። ሰናይት ከኋላው ናት። የገዛ ውሻውን ስም ሦስት ጊዜ ከኛ ግቢ ሲጠራ ሰምቷል፤ ሊሰርቁት ነው፣ ወይም ሊያሾፉበት ነው ብሎ ነው የመጣው። ይሄን ሁሉ ሲያይ ብረቱን ቀስ አድርጎ ከጀርባው ደበቀ። አባቴ የበጉን እግሮች እንደያዘ ነበር፤ ጀለቢያው ጭቃና ዱቄት ሆኗል። ከአሸንዳው ጀምሮ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ።

"ታደሰ፣ ውሻህን ጥራልኝ።"

"በስሙ ነው የሚሰማው።"

"በስሙ ጥራዋ።"

ጋሽ ታደሰ ውሻውን አላየም። ከአባቴ ራስ በላይ ያለውን አሸንዳ አየ፤ አፉ አሁንም ወደሱ ጎማዎች ነው። ዓይኑን ወደ አባቴ መለሰና፣ በአጥር ሳይሆን ፊት ለፊት፣ በለሆሳስ፣ "አዙረው" አለ።

አዙሬ አንድ ጆሮውን አነሳ፣ አልተንቀሳቀሰም። አባቴ ቀና ብሎ አሸንዳውን አየ። እኔና ሰናይት እንተያያለን።

"እሺ" አለ አባቴ። "አዞረዋለሁ።"

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት፣ ከኩሽና። ጋሽ ታደሰ የብረቱን ጫፍ መሬት ላይ ተከለና፣ "ቆይ፣ ታዲያ ማን አዘነበው?" ቢል፣ ማኔ ስሙ ተጠራ ብሎ ዱቄታም ራሱን ቀና አደረገና አነጠሰ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ራሱን አልቻለም። አጎቴ ከድር ብቻ ቢላዋውን ይዞ፣ እናንተ ሰዎች ምን ሆናችሁ እያለ ተራ በተራ ያየናል።

ውሾቹ ግን እየሳቁ አልነበረም። ጋሽ ታደሰ ጠራ፣ አባዬ ጎተተ፣ እማዬ አጥንት አሳየች፤ እምቢ አሉ። ዘዴውን ያገኘው ጋሽ ታደሰ ነው። "ልጆች፣ እናንተ ወደ እንጦጦ መንገድ ሂዱ። ወደኋላ አትዩ" አለን። ለእኔም ጭምር ነው ያለው። አባቴን አየሁት፤ ራሱን ነቅንቆ ሂጂ አለኝ። እኔና ሰናይት እጅ ለእጅ ተያይዘን በሩን ወጣን። ወደኋላ አትዩ ቢባልም አየን። ማኔ በጉን ያያል፣ እኛን ያያል። እንዲያ ያለ ጭንቅ በሰው ፊት ላይ እንኳ አላየሁም። ከዚያ ተነሳ። አዙሬም ተከተለው። ባሕር ዛፉ እስከሚጀምርበት ድረስ፣ አንዱ ከፊታችን አንዱ ከኋላችን ሆነው አጀቡን። ሰናይት ከኪሷ የተላጠ ብርቱካን አወጣች። ጠጉር የሌለው ብርቱካን ስበላ ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር፤ የሆነ ነገር የጎደለው መሰለኝ።

ስንመለስ በጉ የለም። ጋሽ ታደሰ መሰላል ላይ ወጥቶ አሸንዳውን ወደ መንገዱ እያጠፈ ነበር፤ አባዬ መሰላሉን ይዞ ከታች ያዝዘዋል። ማኔ የበጉን ቦታ አሽትቶ አሽትቶ ተጋደመ። ያን ቀን ከአባቴ እጅ ሥጋ አልቀበልም አለ። አባዬ ቁርጡን ይዞ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ሲለማመጠው አየሁት፤ ስለ ሸጎሌው ነጋዴ ደግሞ አላነሳም። በማግስቱ ማኔ የሁለቱን ቀን ባንዴ በላ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ቤት በግ የሚገባው በበዓሉ ዕለት ጠዋት ሆነ። እኔና ሰናይትም አስቀድመን ውሾቹን ይዘን እንጦጦ እንወጣ ነበር። ማታ ሳህኑ ተመለሰ። አጥሩ ግን አልተመለሰም። ነገ ነገ ሲባል ዓመታት አለፉ።

ውሾቹ አርጅተው ካለፉ በኋላ ስማቸው አልሞተም። ሁለቱ ሽማግሎች ወሰዱት። ጋሽ ታደሰ ጠዋት ሲወጣ በሰላምታ ፈንታ "ማን አዘነበው?" ይላል፤ አባዬ ከሱቁ ሆኖ "አዙረው" ይለዋል። በቃ፣ ደህና አደርክ ማለት ነው። የማያውቅ ሰው የጀመራቸው ይመስለው ነበር።

ዛሬ እኔ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከላዬ ያለው ቤት ውሃ ሲያፈስብኝ በቴሌግራም ግሩፕ እጽፋለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ አውራ ጣት ያደርግልኛል፤ ውሃው ይፈሳል። ሰውዬውን በመልኩ አላውቀውም። ውሻ ቢኖረኝ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ቅዳሜ ዕለት ከእጽዋት ማዕከሉ ስንመለስ በድሮው ሰፈር በኩል አለፍኩ። አባዬ አኼራ ከሄደ ጥቂት ዓመታት ሆነው። ጋሽ ታደሰ ግን አለ፤ ጋቢውን ደርቦ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ ጆሮው ደክሟል። ልጆቼ ጉልበቱን ስመው ሳይጨርሱ ዝናቡ ወረደ። እሱ ወደ ግቢያችን፣ ድሮ አጥሩ ወደነበረበት ወገን ዞረና፣ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ፣ "ማን አዘነበው?" አለ።

ልጆቼ ሰማይ ሰማይ አዩ። ከወዲያ የመለሰ የለም። ቁጭ ባልኩበት የአባዬን ያህል ድምፄን ለማወፈር ሞከርኩና፣ "አዙረው!" አልኩ።

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀና ወደ አሸንዳው አመለከተኝ። ውሃው ወደ መንገዱ እየወረደ ነበር።

"አዞረው እኮ" አለኝ። "በመጨረሻ አዞረው።"